ድምፁስ ደህና ነው፣ ሰነዱ ግን? ለተማሪዎች ጽሑፍን በድምፅ የሚያነቡ ፕሮግራሞች ግምገማ

ጽሑፍን ወደ ድምፅ ስለሚለውጡ ፕሮግራሞች የሚሰጡ አስተያየቶች አብዛኛውን ጊዜ በድምፁ ላይ ያተኩራሉ፤ የሰው ይመስላል ወይስ የማሽን፣ ይፈጥናል ወይስ ይጎተታል እየተባለ ይመዘናል። እኔም ተማሪዎቼን በዲጂታል ሰነዶች ንባብ ለማገዝ አንድ የትምህርት ዘመን ሙሉ እነዚህን ፕሮግራሞች ስጠቀም፣ መጀመሪያ ላይ ስመዝን የነበረው ይህንኑ ነው። ዘመኑ ሲጠናቀቅ የደረስኩበት ግን ሌላ ሆነ። ድምፁ ከሞላ ጎደል ደህና ነው፤ ተማሪው መጠቀም አለመጠቀሙን የሚወስነው የሚነበበው ሰነድ ከሚታየው ገጽ ሥር የያዘው ነገር ነው። በዚህም ምክንያት ይህ ግምገማ ስለ ፕሮግራሞቹ የሚናገረውን ያህል ስለ ሰነዶቹም ይናገራል።

የተጠቀምንባቸው መሣሪያዎች አራት ናቸው። አንዱ በማይክሮሶፍት ኤጅ ብራውዘር ውስጥ ያለው የድምፅ ንባብ ነው፤ ሌላው በዎርድና በሌሎች የማይክሮሶፍት ፕሮግራሞች ውስጥ የሚገኘው ኢመርሲቭ ሪደር ነው። ማየት ለተሳናቸው ተጠቃሚዎች የተሠራውን ኤንቪዲኤንም ተጠቅመናል። አራተኛው በክፍያ የሚገኝ መተግበሪያ ሲሆን፣ ዓላማዬ ከአንድ ድርጅት ጋር ሙግት መግጠም ስላልሆነ ስሙን አላነሣም። ተማሪዎቹም ዓይነታቸው ልዩ ልዩ ነው፤ ዲስሌክሲያ ያለባቸውና ፊደል እየተምታታባቸው ቀስ ብለው የሚያነቡ አሉ፣ ዓይኑ የደከመ አንድ ልጅ አለ፣ ፈጽሞ የማያይ አንድ ወጣት አለ፤ የቀሩት ደግሞ ረጅም ጽሑፍ በስክሪን ላይ ማንበብ የሚሰለቻቸው ናቸው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው የፈጠራ ሰው ሬይ ኩርዝዌይል የታተመን ገጽ በስካነር አንሥቶ፣ ፊደሉን ለይቶ፣ ጮክ ብሎ የሚያነብ ማሽን ለሕዝብ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሆን፣ የመጀመሪያው ገዢ ሙዚቀኛው ስቲቪ ዎንደር እንደነበረ ይታወቃል። ያ ማሽን ይሠራቸው የነበሩት ሦስት ሥራዎች፣ ማለትም ገጹን ማንሣት፣ ፊደሉን መለየትና መናገር፣ ዛሬ በኪስ በሚያዝ ስልክ ውስጥ ገብተዋል። ከሦስቱ እጅግ የተሻሻለው መናገሩ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ ግን አሁንም ብዙ ነገር ይበላሻል፤ የዘመኑ ድካሜ ሁሉ የሄደውም በእነርሱ ላይ ነው።

ከኤጅ ብራውዘር እጀምራለሁ፤ ከሁሉ ይልቅ ያገለገለን እርሱ ነውና። ድረ ገጽም ሆነ ፒዲኤፍ ከፍቶ ያነባል፤ እያነበበ ያለውን ቃልም በቀለም እያደመቀ ይሄዳል። ለአማርኛ መቅደስና አምሃ የተባሉ ሁለት ድምፆች አሉት። ሁለቱም በኒውራል ኔትወርክ የተሠሩ በመሆናቸው የዐረፍተ ነገሩን መነሻና መውደቂያ እንደ ሰው ለማንሣትና ለመጣል ይሞክራሉ፤ አብዛኛውን ጊዜም ይሳካላቸዋል። ነገር ግን ድምፆቹ የሚመጡት በኢንተርኔት በኩል ስለሆነ መስመሩ ሲቋረጥ ንባቡም አብሮ ይቋረጣል፤ ለማንበብ የሚላከው ጽሑፍም ከኮምፒውተሩ ወጥቶ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት የተማሪዎችን የግል ጉዳይ የያዘ ወረቀት ወይም ገና ያልተሰጠ ፈተና በዚህ መንገድ አላስነብብም።

ቃሉን በቀለም የማድመቁ ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ለቀስተኛ አንባቢ ግን ከድምፁ ጥራት ይበልጣል። አንዲት ተማሪዬ በመጀመሪያው ቀን ድምፁን ብቻ ስትከተል ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ጠፋባት፤ ዓይኗ በአንድ መስመር ላይ፣ ጆሮዋ በሌላ መስመር ላይ ሆነ። ፍጥነቱን ከመደበኛው ዝቅ አድርገን፣ እርሷም የእርሳሷን ጫፍ ከደመቀው ቃል ሥር እያንቀሳቀሰች ስትከተል፣ ሦስት ገጽ ሳትቆም ጨረሰች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሳልነግራት ፍጥነቱን ራሷ ወደ መደበኛው መለሰችው። ስለ ፍጥነት ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ ማየት የተሳነው ወጣት ግን እኔ አንድም ቃል በማልለይበት ፍጥነት ያዳምጣል፤ ልምድ ያላቸው የስክሪን አንባቢ ተጠቃሚዎች ዘንድ ይህ የተለመደ ነው።

አሁን ወደ ድምፁ ጉድለት ልምጣ። የአማርኛ ጽሑፍ ማጥበቅንና ማላላትን አያሳይም፤ አንባቢው ከዐውዱ ተነሥቶ ነው የሚለየው። «ልጁ ድምፁን ይሰማል» በሚለው ውስጥ «ይሰማል» ይላላል፤ «ድምፁ ከሩቅ ይሰማል» በሚለው ግን ይጠብቃል፤ ፊደሉ ግን በሁለቱም አንድ ነው። በክፍያ የወሰድነው መተግበሪያ ረጅም ዐረፍተ ነገር ውስጥ እንዲህ ያለውን ልዩነት ብዙ ጊዜ በትክክል ያወጣዋል፤ የሚሳሳተው ዐውድ በሌለበት በአጭር ርእስ ወይም በሠንጠረዥ ውስጥ ባለ ነጠላ ቃል ላይ ነው። «ዋና ገጸ ባሕርይ» የሚለውን ርእስ «ዋና» የሚለውን ቃል አላልቶ ሲያነብብ ገጸ ባሕርይው ውኃ ውስጥ ገባ፤ ክፍሉም ሳቀ። ጥፋቱ በድምፁ ብቻ የሚሳበብ አይደለም፤ ጽሑፋችን ራሱ ያልያዘውን ነገር ፕሮግራሙ ከየትም ሊያመጣው አይችልም። በተቃራኒው «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» እየተቀያየሩ መጻፋቸው በፍለጋ ጊዜ ቢያስቸግርም ለጆሮ ምንም ለውጥ ስለሌለው፣ በፊደል አጻጻፍ የሚጨነቁ ተማሪዎቼ ለመጀመሪያ ጊዜ እፎይ ያሉበት ነገር ሆኗል።

በድምፁ ያሳበብኩት፣ በኋላ ግን የሰነዱ ጥፋት ሆኖ ያገኘሁት ሌላ ነገር ነበር። በዚያው መተግበሪያ አንድ ማስታወሻ ስናዳምጥ ድምፁ ከመጀመሪያው ቃል እስከ ገጹ መጨረሻ አንድም ቦታ ሳያርፍ ስለነጎደ፣ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ «መምህር፣ ይኼ ሰውዬ አይተነፍስም እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሰነዱን ከፍቼ ስመለከት፣ የተየበው ሰው በአራት ነጥብ ፈንታ ሁለት ጊዜ የእንግሊዝኛውን ኮለን መትቶ ኖሯል። ለዓይን ልዩነቱ አይታይም፤ ለፕሮግራሙ ግን ያ ምልክት የዐረፍተ ነገር መዝጊያ አይደለም። በዎርድ የመፈለጊያና የመተኪያ ትእዛዝ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ወደ እውነተኛው አራት ነጥብ ስንለውጠው «ሰውዬው» መተንፈስ ጀመረ። ከዚያን ቀን ወዲህ ማንኛውንም ሰነድ ለተማሪ ከማከፋፈሌ በፊት የመጀመሪያውን ገጽ በድምፅ አስነብቤ አዳምጣለሁ።

እንዲህ ማዳመጥ ስጀምር ከዚህ ቀደም ያላየኋቸው ነገሮች ሁሉ ተሰሙኝ። በሁለት ዓምድ የተቀመጠ ገጽ የግራውን ዓምድ ጨርሶ ወደ ቀኙ በመሄድ ፈንታ መስመሩን ተሻግሮ ግማሽ ዐረፍተ ነገር ከሌላ ግማሽ ጋር እየገጠመ ይነበባል። በየገጹ አናት ላይ የሚደገመው የምዕራፍ ስምና የገጽ ቁጥር ገጽ በተለወጠ ቁጥር የዐረፍተ ነገሩን መካከል ሰንጥቆ ይገባል፤ ሐረጉ ገና ሳያልቅ «ምዕራፍ ሦስት፣ አርባ ሰባት» ይላል፣ ከዚያም ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። የግርጌ ማስታወሻ ቁጥር ከቃሉ ጋር ተጣብቆ ስለሚነበብ፣ ሰባተኛው ማስታወሻ የተጠቀሰበት ንጉሥ «ንጉሡ ሰባት» ይባላል። «12-15» የሚለው የገጽ ክልል «ዐሥራ ሁለት ሲቀነስ ዐሥራ አምስት» ሆኖ የተነበበልን ጊዜም አለ። «ዶ/ር» እና «ት/ቤት» ዓይነቶቹ ምሕጻረ ቃላት አንዳንዴ ተፈትተው፣ አንዳንዴ ሆሄ በሆሄ ይነበባሉ፤ እኔ በማዘጋጃቸው ሰነዶች ውስጥ ሙሉውን ቃል መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ጭቅጭቁ ቀርቷል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ፒዲኤፍ ሲፈጠር የታሰበለት ዓላማ ገጹ በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ እንዲታይ ስለነበረ ነው። አዶቢ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲያወጣው ዋናው ጉዳይ እያንዳንዱ ፊደል በገጹ ላይ የት እንደሚቀመጥ መወሰኑ ነበር፤ የቱ ርእስ፣ የቱ አንቀጽ፣ የቱስ የገጽ ቁጥር እንደሆነ የሚናገረው መዋቅር በኋላ የተጨመረ ነው። ይህ መዋቅር በትክክል እንዲገባ የሚጠይቀው ፒዲኤፍ/ዩኤ የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። በተግባር ለእኛ የጠቀመን ሰነዱ መጀመሪያ በዎርድ ሲዘጋጅ ርእሶቹ በእውነተኛው የርእስ ስታይል፣ ማለትም ዎርድ ራሱ ለርእስ ባዘጋጀው ቅርጽ፣ እንዲጻፉ ማድረግና፣ ወደ ፒዲኤፍ ሲለወጥም መዋቅሩ አብሮ እንዲቀመጥ የሚጠይቀውን ምርጫ ማብራት ነው። ፊደሉን አተልቆና አድምቆ ርእስ እንዲመስል ማድረግ ለዓይን በቂ ነው፤ ለፕሮግራሙ ግን የተራ ጽሑፍ ያህል ነው። ምርጫው በእጃችሁ ከሆነ ደግሞ ረጅም ጽሑፍን ኢፐብ በተባለው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ቅርጽ ማዘጋጀት ይሻላል፤ በዚያ ቅርጽ የገጽ አናት ጽሑፍ መሐል ገብቶ የሚያቋርጠው ነገር የለም።

ከሁሉ የከፋው ግን የድሮ ፎንት ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ወደተባለው፣ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን መለያ ቁጥር ወደሚሰጠው ዓለም አቀፍ መስፈርት የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በሥሪት 3.0 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ በጥቅም ላይ የቆዩት ብዙ ፎንቶች የአማርኛውን ፊደል የሚያሳዩት በላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቦታ ላይ በመሳል ነበር። ገጹ ላይ ጥርት ያለ አማርኛ ይታያል፤ ከሥሩ ያለው ግን የተደበላለቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። አንድ እንዲህ ያለ ባለ 64 ገጽ የታሪክ ማስታወሻ በክፍያ በወሰድነው መተግበሪያ ስናስነብብ፣ ለጥቂት ሴኮንድ የማይገናኙ ድምፆችን ካጉረመረመ በኋላ ዝም አለ። ተማሪዎቹ ፕሮግራሙ ተበላሸ ብለው ነበር፤ እርሱ ግን የተሰጠውን በታማኝነት አንብቧል።

ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው ፈተና ከአንድ ደቂቃ አይፈጅም። ከሰነዱ ሁለት መስመር በማውዝ መርጣችሁ፣ ኮፒ አድርጋችሁ፣ ምንም ፎንት በማያስመርጥ ተራ የጽሑፍ ማስታወሻ ላይ ፔስት አድርጉ። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከወጣ ሰነዱ ይነበባል። ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ከወጣ የድሮ ፎንት ነው፤ እንደገና መተየብ ወይም ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ይፈልጋል። ምንም የሚመረጥ ነገር ከሌለ ደግሞ ገጹ ፎቶግራፍ ነው ማለት ነው። ፕሮግራም ከመግዛቴ በፊት ይህን ፈተና ባውቅ ኖሮ ለተመዝጋቢነት የከፈልኩትን ሳልከፍል እቀር ነበር።

ፎቶግራፍ የሆነውን ገጽ ወደ ጽሑፍ የሚመልሱ የፊደል መለያ ፕሮግራሞች አሉ፤ ነጻው ቴሰራክት አማርኛን ይለያል፤ በክፍያ የወሰድነው መተግበሪያም የራሱ አለው። በዚህኛው የሞከርነው ስካን በንጹሕ ወረቀት ላይ ደህና ሠርቷል፤ ደብዛዛ ፎቶኮፒ ላይ ግን «ለ» እና «ሰ» እየተምታቱበት «ሰው» የሚለውን «ለው» አድርጎታል። ዓይን ቢያየው ወዲያው የሚያርመው ስሕተት ነው። ጆሮ ግን የሰማውን ለማመን ይቸኩላል፤ በተለይ ማየት የተሳነው ተማሪ የተሳሳተውን ከትክክለኛው የሚያመሳክርበት ሌላ መንገድ የለውም። ስለሆነም ከስካን የተገኘ ጽሑፍ ማየት የሚችል ሰው አንድ ጊዜ ሳያነበውና ሳያርመው ለእርሱ አልሰጥም። ሥዕል፣ ቀመርና ሠንጠረዥም እንዲሁ ናቸው፤ አማራጭ ጽሑፍ፣ ማለትም ሥዕሉን በቃላት የሚገልጽ መስመር፣ ያልተጻፈለት ሥዕል ለአድማጩ የለም ማለት ነው፤ በሥዕል መልክ የገባ የሒሳብ ቀመርም ያው ነው።

ኢመርሲቭ ሪደርን በአጭሩ ልለፈው። ጽሑፉን ከጌጡ አራቁቶ በሰፊ ክፍተት ያቀርባል፤ አንድ፣ ሦስት ወይም አምስት መስመር ብቻ አስቀርቶ የቀረውን የሚያጨልም ምርጫም አለው። ትኩረታቸው ለሚበተን ልጆች ይህ የማጨለሙ ነገር ከድምፁ በላይ ጠቅሟቸዋል። ቃልን በክፍለ ቃል የሚከፋፍለው አገልግሎት ለላቲን ጽሑፍ የታሰበ ስለሆነ ለአማርኛ አያስፈልገንም፤ ፊደላችን ራሱ ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ የያዘ ነውና።

ኤንቪዲኤ ግን ሌላ ዓይነት መሣሪያ ነው፤ ከሌሎቹ ጋር ማወዳደርም ተገቢ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረ፣ በነጻ የሚገኝ የዊንዶውስ ስክሪን አንባቢ ሲሆን፣ ጽሑፉን ብቻ ሳይሆን ምናሌውን፣ ቁልፉን፣ የተከፈተውን መስኮት ሁሉ ይናገራል። ማየት ለተሳነው ወጣት ይህ ኮምፒውተሩን ራሱን የከፈተ በር ነው። የሚያይ ተማሪ ሲጠቀምበት ግን ማቆሚያ የሌለው ወሬ ይሆንበታል፤ «ሁሉን ያነባል» ተብሎ ለንባብ ችግር ላለበት ልጅ መስጠት ስሕተት ነው፤ እኔም ይህን ስሕተት አንድ ሳምንት ሠርቼዋለሁ። አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የተባለው ድምፅ አማርኛን ያለ ኢንተርኔት ያነባል፤ ቃናው የማሽን ስለሆነ መጀመሪያ የሰማ ሰው ፊቱን ያጨማድዳል፤ ለተለማመደው ግን በከፍተኛ ፍጥነትም ጥርት ብሎ ይሰማል። ወጣቱ መቅደስንና አምሃን አዳምጦ «ለማዳመጥ ደስ ይላሉ፤ ለማጥናት ግን የኔው ይሻለኛል» ነው ያለኝ። በዚህ ፕሮግራም የ«ኤች» ቁልፍን ሲጫን ከርእስ ወደ ርእስ ይዘላል፤ ይህ የሚሆነው ግን ከላይ እንዳልኩት ርእሶቹ በእውነተኛው ስታይል ሲጻፉ ብቻ ነው። ስታይል በሌለው የ40 ገጽ ሰነድ ውስጥ ምዕራፍ አራትን ለማግኘት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ከማዳመጥ በቀር መንገድ የለውም።

በክፍያ ስለወሰድነው መተግበሪያ ለፍትሕ ያህል ጥሩውንም መናገር አለብኝ። ስልክ ላይ ያቆሙበትን ቦታ ኮምፒውተር ላይ ያስታውሳል፤ ጽሑፉን ወደ ድምፅ ፋይል ለውጦ በመንገድ ላይ ለማዳመጥ ያስችላል። ነገር ግን «አማርኛን ይደግፋል» የሚለው ማስታወቂያው ግማሽ እውነት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ምናሌው በአማርኛ ነው፤ ከብዙዎቹ ድምፆቹ መካከል አማርኛ የሚችለው ግን አንድ ብቻ ነው፤ ሌላውን የመረጠ ተማሪ የእንግሊዝኛ ቃል እስኪመጣ ድረስ ዝምታን ያዳምጣል። ለደንበኞች አገልግሎት የጻፍኩት ጥያቄ የተመለሰልኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ያውም ፕሮግራሙን አጥፍቼ እንደገና እንድጭነው በሚል ምክር ነበር።

የተማሪዎቹ ንባብ ተሻሻለ ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሴ ጥንቃቄ ያለበት ነው። በዚህ ርእስ ላይ የተደረጉ ጥናቶችን ያጠቃለለና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ትንተና፣ የንባብ ችግር ያለባቸው ተማሪዎች በድምፅ ሲነበብላቸው የጽሑፉን ሐሳብ የመረዳት ውጤታቸው ከፍ እንደሚል አሳይቷል፤ የልዩነቱ መጠን ግን በመደበኛ ልዩነት (ስታንዳርድ ዴቪዬሽን) ሲለካ 0.35 ሲሆን፣ ይህም የሚጨበጥ ቢሆንም ተአምር የሚባል አይደለም። እኔ ያየሁትም ከዚህ አይርቅም። ይዘቱን መረዳት ተሻሽሏል፤ ፊደል መለየት ግን በማዳመጥ ብቻ አይመጣም፤ ገና ፊደል በመቁጠር ላይ ላለ ልጅ ይህን መሣሪያ የማስተማሪያ ምትክ አድርጎ መስጠት ጉዳት አለው።

ያልጠበቅኩት ጥቅም የተገኘው ተማሪዎቹ ራሳቸው የጻፉትን ድርሰት ማዳመጥ ሲጀምሩ ነው። ያቺ በእርሳስ ጫፍ ትከተል የነበረችው ልጅ አንድ ቀን የራሷን ጽሑፍ አስነብባ ስታዳምጥ አየኋት። «ነገር ግን ግን» የሚል ድግግሞሽ ሲመጣ አቆመችው፤ ሰረዘች። ቀጥላ ግሥ የሌለው ዐረፍተ ነገር ደረሰች፤ ድምፁ ሐሳቡ እንዳላለቀ ሰው ተንጠልጥሎ ቀረ። «አላለቀም አይደል?» አልኳት። «አዎ መምህር፣ እኔ ሳነበው ግን ያለቀ ይመስለኝ ነበር» አለች። ዓይን የራሱን ስሕተት እያሟላ ያነባል፤ ፕሮግራሙ ግን የተጻፈውን ብቻ ስለሚናገር ለራስ ጽሑፍ ከእርሱ የተሻለ አራሚ እስካሁን አላገኘሁም።

ለሚቀጥለው ዘመን ብራውዘሩን ለአብዛኞቹ፣ ኤንቪዲኤን ለወጣቱ አስቀርቼ በክፍያ የነበረውን ምዝገባ አላደስኩም። የምዝገባው ጊዜ ባለቀ ማግስት ሁለት ተማሪዎች ያንን በድሮ ፎንት የተጻፈ የታሪክ ማስታወሻ በዩኒኮድ እንደገና ለመተየብ ተነሡ፤ አንዱ ይተይባል፣ ሌላው የተየበውን በመቅደስ ድምፅ እያስነበበ ከወረቀቱ ጋር ያመሳክራል። ከ64ቱ ገጾች እስከ ትናንት ድረስ 21ዱ አልቀዋል።